የካርቶን ስላይዶች

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን ነበር። መኪናው ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ብዙ ስለተጠማዘዘ የትኛው ሰፈር እንደሆነ አላወቅሁም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው። ከጣሪያው ሥር ካለችው መስኮት በሚወርደው ብርሃን ውስጥ የስንዴ አቧራ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ከሥሩ የተቀመጡት ሴቶች ውኃ ውስጥ ያሉ መሰሉኝ።  አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

የታሰርኩት በምላሴ ነው። ከሮብ ገበያ ወዲያ ባለችው መንደራችን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ተነሥቼ ማዳበሪያው ለዘመድ እየቀደመ ነው አልኩ። በማግስቱ መጡ።

ቦታ የለቀቀችልኝ ልጅ የኮሌጅ መምህርት ነበረች። የምታስተምረው ስለ አፈር ነው። የጮቄ ተራራ ግርጌ መሬት ለምን እንደኮመጠጠ፣ ኖራ ቢበተንበት እንዴት እንደሚድን ለአለቆቿ በስላይድ ልታስረዳ ስትዘጋጅ ያዟት።

«ስላይድ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ግድግዳ ላይ በብርሃን የሚታይ ገጽ ነው፣ እማማ። ተናጋሪው ሲናገር ሰሚው እያየ ይከታተላል።»

«ታዲያ በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«ካርታ ነበረበት። ኖራው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በቀስት አሳይቼ ነበር። መርማሪው የጦር ካርታ ነው አለ።» ቀጥላም፣ «እውነቱን ልንገርዎት? ቀስቱ በዝቶ ነበር። እኔንም ሳየው ግር ይለኝ ነበር» አለች።

ሳቅን። እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አሥራ ስምንት ነበርን። ከእኛ ውስጥ አንዷ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በመርፌ የምትኖር። ስትያዝ የያዘችው መድኃኒት አልቆ ነበር። ወንድሟ አዲሱን ይዞ በየቀኑ በር ላይ ይቆማል፣ ጠባቂዎቹ ግን ያለ ፈቃድ መድኃኒት አይገባም ይላሉ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ወደ ፊቷ ጠጋ ስል ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸተኛል። አንዳንዴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እማማ፣ ዝናብ ነው?» ትለኛለች። ዝናብ አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኛን የምትጠብቀው ፖሊስ በሩን ከፍታ፣ «ነገ የእስረኛ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ይመጣል። ከሴቶቹ አንድ ሰው ገብቶ አምስት ደቂቃ ይናገራል» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደስ አለኝ። አባቴ በዛፍ ጥላ ሥር ለተሰበሰበ ሽማግሌ ሲሟገት እያየሁ ነው ያደግሁት። ምርቃት ያስቀድማል፣ ከአያት ይጀምራል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው ጉዳዩ ላይ የሚደርሰው። ንግግር ለእኔ ያ ነበር።

መምህርቷ ግን፣ «አምስት ደቂቃ ነው፣ እማማ። ምርቃቱን ሳይጨርሱ ያስወጡዎታል። ስላይድ እንሥራ» አለች።

«ምን መብራት አለና?»

ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ከሰዓት በኋላ ከመስኮቷ የሚወርደው ብርሃን ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ያርፋል። አልፎ አልፎ ደመና ሲያልፍ ይደበዝዝና ተመልሶ ይበራል። ለረጅም ጊዜ ያን ብርሃን ሳየው ኖሬአለሁ፤ ገጽ ይመስላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የብስኩት ካርቶን ቀደድን። ከሴቶቹ አንዷ የቅንድብ እርሳሷን ሰጠችን። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደሌ ግን ቀጥ ያለ ነው። ተቀመጥኩና የአሥራ ስምንታችንንም አቤቱታ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ልጇ ጎረቤት ቤት የቀረባት አለች። ለምን እንደታሰረች ያልተነገራት አለች። ወገቧ የታመመ አለች። ሲያልቅ መምህርቷ ካርቶኑን ወስዳ ብርሃኑ ውስጥ አቆመችው።

«አሁን ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ይሂዱና ያንብቡልኝ።»

ሄድኩ። ዓይኔን አጠበብኩ። ጉንዳን ነው የሚታየኝ።

«እርስዎ ያላነበቡትን እነሱም አያነቡትም» አለች። «አንድ ካርቶን አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። ነገ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ምን ተደርጎ ማየት ይፈልጋሉ?»

«ፍትሕ!»

«እሱማ ይሁን። ነገ፣ ከምሳ በፊት፣ ምን?»

የተኛችውን ልጅ አየኋት። ገባኝ። ሲገባኝም ተናደድኩ። «የማንን ልሰርዝ? የዚችን ከዚያች በምን አስበልጬ? እኔ ስብሰባ ላይ ለአንዱ አይቅደም ብዬ የታሰርኩ ሴትዮ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ካርቶኑን ነጥቄ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

መምህርቷ አልተከራከረችኝም። የቅንድብ እርሳሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ወገቧን የሚያማት ሴት እየተደገፈች ተነሣች፣ እርሳሱን አንሥታ መጣች፤ ካርቶኑን ከእጄ ሳትወስድ የራሷን መስመር ሰረዘች። ሌላዋ ተከተለች። ሌላዋም። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን መስቀል ለመሳለም እንደሚሰለፉ ነበር የመጡት። መጨረሻ የቀረችው ልጇ ጎረቤት የቀረባት ናት። እርሳሱን ይዛ የተኛችውን ልጅ አየቻት።

«የኔ ልጅ እየበላ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሷ ግን ሳምንት አትቆይም።» ሰረዘችው።

ከዚያ ሦስት ካርቶን ሠራን። አንደኛው ላይ በትልልቁ «መድኃኒቷ በር ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ መምህርቷ ሥዕል ሣለች፤ በወዲህ የተኛች ሴት፣ በወዲያ ጠርሙስ የያዘ ሰው፣ መካከላቸው በር። ቀስት አላደረገችበትም። ሦስተኛው «ዛሬ ይግባላት» ይላል። ብርሃኑ ውስጥ አንድ በአንድ እያቆምን ከወዲያኛው ግድግዳ አነበብኳቸው። ታዩኝ።

ልምምድ ስንጀምር ሴቶቹ ኮሚቴ ሆነው ተደረደሩ። ወገቧ የታመመው ሰብሳቢ ሆና ሆዷን ነፋችና፣ «እናቴ፣ አጠር ያድርጉት! ሌላም ስብሰባ አለብን!» ትለኛለች። ካርቶኑን ባነሣሁ ቁጥር የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። መምህርቷ ታስቆመኛለች።

«አያንብቡላቸው፣ እማማ። ማንበብ ይችላሉ። ያንሡና ዝም ይበሉ።»

«ዝም ብዬ ምን ልሥራ?»

«እነሱ ሲያነቡ ዓይናቸውን ይዩ።»

ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ተማርኩ። ብርሃኑ ግድግዳውን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ጣሪያው ወጣ። ሴቶቹም እኔም በእንቅልፍ ልብ የምንንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ሥዕሉን አየችና፣ «ጫማዬን ረሳችሁት» አለች። መምህርቷ ጫማ ሣለችላት።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። አራት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ስልካቸውን ያያሉ። ሰብሳቢው ካርቶኖቹን ሲያይ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ስላይድ ነው።»

ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የመጀመሪያውን አነሣሁና ዝም አልኩ። ሳቁ ቆመ። አንዱ ስልኩን ገለበጠው። ሁለተኛውን አነሣሁ። ጥግ ላይ የነበረው ሰውዬ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ሦስተኛውን አነሣሁ።

«ስኳር አለባት» አልኩ ያኔ። «ወንድሟ አሁንም በር ላይ ቆሟል። ይህችው ናት ነገሬ።»

ሰብሳቢው ወረቀት ሳበ። «መልካም፣ እንመዘግበዋለን። ጊዜ አለዎት፣ የሌሎቹንም ችግር ይንገሩን።»

የአሥራ ሰባቱ አቤቱታ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። የእያንዳንዷን በቃሌ አውቀዋለሁ። ብናገረው ደግሞ የልጅቷ ጉዳይ ከዝርዝሩ አንደኛ ቁጥር ይሆናል፣ ዝርዝሩም ፋይል ውስጥ ይገባል። ይህንንም አውቃለሁ።

«የሌሎቹ አለ» አልኩ። «ይህ ሳይፈጸም ግን አልናገርም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ፣ እናቴ።»

«መድኃኒቱ ሲገባ እቀመጣለሁ።»

ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ዛሬ» የሚለውን ከፍ አድርጌ ወደ ሰብሳቢው አዞርኩት። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ሰብሳቢውን አየ፣ ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ፖሊሷን ጠርቶ በጆሮዋ ተናገረ። ወጣች። ተመልሳ እስክትመጣ ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ አምስት ደቂቃዬ ግን ካለቀ ቆይቷል።

«ገብቷል» አለች። «መርፌዋን ወስዳለች።»

እጄን አወረድኩ። ወንበር ስባ ሰጠችኝ። ስቀመጥ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና ፋይሉን ዘጋ። «ለዛሬ በቃን» አለ። የአሥራ ሰባቱ የሚሰማበት ሌላ ቀን አልመጣም።

አሁን ተፈትቼ ቤቴ ነኝ። ልጅቷ በሕይወት አለች፤ በፋሲካ ትደውልልኛለች። መምህርቷም ተፈትታ ስለ ኖራው ለአለቆቿ አስረድታለች አሉ። ትክክል ሠርተናል ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ሌሎቹ እየመጡ መስመራቸውን ሲሰርዙ ትዝ ሲለኝ እንቅልፌ ይሸሻል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ካርቶኑን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ባለፈው የልጅ ልጄን ደብተር እንድትገዛልኝ ላክኋት። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ሰጠሁ። ልጇ ጎረቤት የቀረባትን አስቀደምኩ። በገጿ ላይ በትልልቁ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩላት። የልጅ ልጄ አይታ፣ «አያቴ፣ ወረቀቱ ባዶ ቀረ እኮ፣ ሌላዋንም እዚሁ ጻፊያት» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። «ገጹ የእሷ ነው።»