የቀኝ እግር ጫማዬና ውሻዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ በተራመድኩ ቁጥር ቀኝ እግሬ ያነሳብኛል። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢያነክስ አትፍረዱብኝ፤ ጸሐፊውም ያነክሳል።

ካሴ እባላለሁ። የምኖረው ቢቸና ነው። ሥራዬ ባሕር ዛፍ መቁረጥ ነበር። ሰው ዛፉን ጣልልኝ ብሎ ይጠራኛል፤ እጥላለሁ፣ እልጣለሁ፣ መኪና ላይ እጭናለሁ።

ውሻዬ «ምን ቀረኝ» ይባላል። እኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ በአፉ የማይናገረውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣዋል። ደጅ ላይ ቆሞ ውሻውን ሲጣራ የሚመለከተው ይሰማል። እኔ ይህን ስም ያወጣሁት ሚስቴ በሞተች ዓመት ነው። «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» እያሉ ላደነቆሩኝ ሁሉ መልሴ ያ ነበር።

ቀይ ነው፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ጫካ ይውላል። ጦጣ ያባርራል፣ ጥንቸል ያባርራል፣ የሚባረር ሲያጣ የሚወድቅ ቅጠል ያባርራል። ማታ ቤት ስንገባ እኔ ወገቤ ተቆርጦ፣ እሱ ገና አልደከመውም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግንድ ስንጭን ከመኪናው ላይ ተንዶ የቀኝ ቅልጥሜን ሰበረው። እኛ ዘንድ አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ጋ ነው የሚኬደው። የታወቁት ወጌሻ ደግሞ ሞጣ ናቸው። አያ ይማም ይባላሉ፤ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። እግሬን ጎትተው ገጠሙት፣ በቀርከሃ አሰሩት። ስጮህ «ጩህ፣ ጩኸት አጥንት አይሰብርም» አሉኝ። ሲጨርሱ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አርባ ቀን። አርባ ቀን ይችን እግር መሬት እንዳታስነካት። ካስነካሃት እኔ የለሁበትም።»

እሺ ብዬ ተመለስኩና አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። እህቴ ስንዱ ጎረቤቴ ናት፤ በመካከላችን አንድ አጥር ብቻ ነው ያለው። ምግብ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። እጇ ለጋስ ነው፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

ምን ቀረኝ ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀመጠ። አንዴ መጥረቢያዬን፣ አንዴ እኔን ያያል። እንሂድ ይላል። በአራተኛው ቀን ማላዘን ጀመረ።

ውሻ ሲያላዝን ሬሳ ይጠራል ይባላል። ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛ ካለ ደግሞ ሬሳው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስንዱ ሽሮዋን ይዛ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሟርተኛ አንተን ሳይቀብር ዝም አይልም። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጌ ልስጠው።»

«ለእሱ የሚሆን ሥጋ ካለሽ ለእኔ ለምን ሽሮ ታመላልሽብኛለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ብተወው ሰፈሩ አይተወውም። ተማክረዋል። ዳግመኛ ካላዘነ ሳይነግሩህ ይደፉታል» አለችኝ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ዝም ካላሰኘሁት ይሞታል። ዝም የሚለው ደግሞ ሲደክመው ነው፤ የሚደክመው ሲሮጥ ነው፤ የማሮጫ እግር የለኝም።

ከአልጋዬ ሳልነሳ ላጫውተው ሞከርኩ። የበቆሎ ቆረቆንዳ ወረወርኩለት፤ አኝኮ ጨረሰው። ስንዱ አጥንት ገለባ ውስጥ ደበቀችለት፤ ገና እጇን ሳታራግፍ አገኘው። ገመድ አስነክሼ ጎተትኩት፤ እሱም ጎተተኝ፤ ከአልጋ ሊያወርደኝ ትንሽ ቀረው። ገመዱን ተውኩት።

የቀኝ እግር ጫማዬ ሥራ ፈቶ አልጋው ሥር ተቀምጦ ነበር። ተናድጄ በበሩ ወደ ጓሮ ወረወርኩት። ምን ቀረኝ በርሮ ሄዶ አመጣልኝ። እንደገና ወረወርኩት፤ እንደገና አመጣው። ጫማውን እንደ ቆረቆንዳው አያኝከውም። እኔን እኔን ስለሚሸት ይመስለኛል። ባመጣ ቁጥር ከድርቆሽ እንጀራዬ አንድ ቁራጭ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስንዱ ጫማውን ትደብቅለት ጀመር፤ እንጨት ክምሩ ውስጥ፣ ቅርጫት ሥር፣ አጥር ሥር። «አምጣ!» ስለው ጓሮውን አምሶ ያመጣል። በቀን መቶ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ክንዴ ይዝላል። እሱ ማታ ምላሱን ጎልጉሎ ይተኛል። ሃያ ቀን ያህል አንዴም አላላዘነም። እኔም ግድግዳዬ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ከአልጋዬ የሚታየውን ሁሉ አነበብኩ፤ ተገልብጦ የተለጠፈው እንኳ አልቀረኝም። ሰው ተኝቶ ደስ ሊለው የሚችለውን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ቤታችን ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው። ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እኔ ረሳሁት።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ንግሥ ሄደ። ስንዱም ስትቻኮል የግቢውን በር ሳትዘጋው ሄደች። እኔ እንቅልፍ ወስዶኛል። የነቃሁት ቀዝቃዛ አፍንጫ ሲነካኝ ነው። ደረቴ ላይ ጫማ አለ፤ የእኔ አይደለም። ነጭ፣ አዲስ፣ የሴት ጫማ ነው።

ሳቅኩ። እግሬ ከተሰበረ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከስንዱ ቤት ያመጣው መስሎኝ ድርቆሹን ሰጠሁት። ወዲያው ዞሮ ወጣ።

ሁለተኛ አመጣ፤ ሰጠሁት። ሦስተኛ አመጣ፤ ሰጠሁት። የልጅ ጫማ አለበት፣ የሽማግሌ ጫማ አለበት። ስንዱ ይህን ሁሉ ጫማ ከየት አመጣችው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታ ያጃጅላል።

ስድስተኛውን ሳየው ሳቄ ደረቀ። ጥቁር ጫማ ነው፤ ተረከዙ በመኪና ጎማ ተጠግኗል። የጠገንኩት እኔ ራሴ ነኝ። የንስሐ አባቴ የመምሬ ደምሴ ጫማ ነው።

ምን ቀረኝ ድርቆሹን ውጦ ወጥቷል። ሕዝቡ ቢያየው እዚያው በድንጋይ እንደሚጨርሰው አውቃለሁ። ስንዱን ጠራሁ። ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ የሚሰማኝ የለም።

አያ ይማም ካሉት አርባ ቀን አሥራ ምናምን ቀርቶኝ ነበር። ተነሳሁ። ጫማዎቹን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ አጣና ተመረኮዝኩ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወጣሁ። ጤነኛ ሰው አንዴ አባታችን ሆይ ደግሞ የሚጨርሰው መንገድ ነው። እኔ ግን ስንት ጊዜ እንደደገምኩ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ያለውን ቦይ ስዘል የታሰረው እግሬ መሬት ነካ። ውስጡ ቀጭ አለ።

ስገባ የምን ቀረኝ ጅራት ወደ ሴቶች በር ሲዞር አየሁ። እኔ የቆምኩት በወንዶች በር በኩል ነው። አንድ ሰውዬም አይቶታል፤ ድንጋይ አንስቶ በቀስታ ይከተለዋል። ቅዳሴ ላይ ስለሆኑ ግቢው ጸጥ ብሏል። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ጫማውን ነክሶ በመጣበት መንገድ ይመለስ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ድንጋይ ይቀምስ ነበር። ፈራሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«ምን ቀረኝ! ና!»

እኔ ስጠራው ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ውሻ አይደለም። በሴቶች በር ገባ፣ በወንዶች በር ወጣ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በሕዝቡ እግር መካከል፣ ጫማ በአፉ ይዞ። ዜማው ተቋረጠ። እሱ መጥቶ ጫማውን እግሬ ሥር አስቀመጠና ተቀምጦ ድርቆሹን ጠበቀ።

«ውሻ ገባ! ውሻ ገባ!» እያለ ሕዝቡ ወጣ። ግማሹ ባዶ እግሩን ነው። አንገቴ ላይ ያለውን ማዳበሪያ አዩ።

«ካሴ በውሻ ያሰርቃል እንዴ?» አለ አንዱ።

«እሱ ተኝቶ፣ ውሻው ሠራተኛ!» አለ ሌላው።

ቀልዱ እስኪያልቅ ድንጋዩ አልጠበቀም። ውሻው ላይ ወደቅሁበት፤ በጀርባዬ ሁለት፣ በትከሻዬ አንድ ተቀበልኩ። መምሬ ደምሴ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ ሁሉም ተወ። ከማዳበሪያው ጫማቸውን አወጡ፣ ተረከዙን አዩ፣ አጠለቁት።

«ካሴ፣ ቤቱ ጸበል እስኪረጭ ሕዝበ ክርስቲያኑ በበዓሉ ቀን ውጭ ቆሟል። እኔ ቄስ ነኝ፣ ግደሉ አልልም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ይህ ውሻ ቢቸና ላይ እንዳይታይ።»

«የት ልውሰደው አባቴ?»

«እሱን ጫማ ስታስተምረው ማሰብ ነበር።»

መርዝ ልስጠው ያለችው ስንዱ፣ ገመዱን ይዛ እያለቀሰች ትሳደብ ነበር፤ እኔን ይሁን እሱን አልለየሁም። ወደ ሞጣ የሚሄድ አይሱዙ ለመነችልን። እግሬም እንደገና ወጌሻ ይፈልጋል። ኋላ ከእህል ጆንያ ላይ ተጫንን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ጭንቅላቱን ሆዴ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ጫካ የምንሄድ ሳይመስለው አልቀረም።

አያ ይማም ማሰሪያውን ፈትተው እግሬን ዳበሱ። «ካሴ፣ ይችን እግር ለማን ሰጠሃት?» አሉኝ።

«ለውሻ» አልኩ።

«ተቀባዩ እሱ ነው?» ብለው ምን ቀረኝን አዩት። ከዚያ እግሬን ዳግመኛ ሰበሩት ልበል፣ ገጠሙት ልበል አላውቅም። «ከእንግዲህ ቀጥ አትልም። ትሄዳለህ፤ ጫካ ግን እርሳው» አሉ። ውሻውን ለመንኳቸው። «ቤት አይገባም፣ እኔም አልነካውም። ግቢ ይጠብቅ፤ አላስርበውም» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አልራበም።

መጋቢት ላይ እግሬን ሊያዩልኝ ተመልሼ ሄድኩ። ምን ቀረኝ በሩ አጠገብ በሰንሰለት ታስሯል። አያ ይማም አፍረው፣ «ምን ላድርግ ካሴ፤ በሽተኛው ምንጣፍ ሳይረግጥ ጫማውን ደጅ ያወልቃል፣ እሱ ሰብስቦ ጓሮ ይከምራል። የተሰበረ ሰው በባዶ እግሩ አይሸኝም» አሉ። ምን ብዬ ልፍረድባቸው? ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አየኝ። አልጮኸም፣ አላላዘነም። አጠገቡ የተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ ወድቋል። እሱን አንስቶ እግሬ ሥር አስቀመጠና ቁጭ አለ። ዓይኑ እጄ ላይ ነው።

ጫማውን አነሳሁት። ሰንሰለቱ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። ወዴት ልወርውርለት? መልሼ ፊቱ አስቀመጥኩት። እሱም አንስቶ መልሶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። የምመለስበት መኪና ጡሩንባ እስኪነፋ ድረስ እንዲሁ ስንመላለስ ቆየን። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ድርቆሽ ሁሉ ሰጥቼው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

አሁን ተቀምጬ የሰው ግንድ እጠብቃለሁ። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል፤ አላስረሳኝም። ጫማዬ ላይ የጥርሱ ምልክት እስካሁን አለ። ጫማ ማስተማሬ አይቆጨኝም፤ ሃያ ቀን አኑሮታል። የሚቆጨኝ መጥራቴ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ስሙን ጠርቼ «ና» ብዬ አላውቅም። ስንዱን እንኳ ስፈልጋት አጥሩን በዱላ እመታለሁ።