የ«ባይ» ምርቃት

እኛ ዘንድ ሰውን በር ላይ አይሰናበቱትም፤ ይሸኙታል። ከጎንደር ገጠር ወደ አዲስ አበባ ስንነሳ አባቴ እስከ ወንዙ ተከትሎን መጣ። ግንባሬን ስሞ፣ ምርቃቱን ሳያጣድፍ አወረደልኝ፤ ከዓይኑ እስክንሰወርም ቆሞ ቀረ። እኛን አውሮፕላን ወደዚህ ወደ እስራኤል አመጣን፤ እሱን ግን ዳግመኛ አላየሁትም። አባቴ ሲናፍቀኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ወንዝ ዳር ነው።

ታዲያ ወንድ ልጄ ወታደር ሆኖ፣ እሑድ ማለዳ ከምንኖርበት ከራማት የዲዲም ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ «ባይ፣ ኢማ»፣ ባይ እማዬ፣ ብሎ በሩን ሲዘጋው አንጀቴ ይቆረጥ ነበር። ይሄ ምን ዓይነት ስንብት ነው? ዶሮ እንኳ ሲያባርሯት ከዚህ የረዘመ ቃል ይሏታል። ልጄ ሳይመረቅ ጠመንጃ ተሸክሞ እንዲሄድ አልፈልግም።

አንድ እሑድ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ እስከ ትሐናው፣ ተከተልኩት። ምርቃቴ ገና ከግማሽ ሳይደርስ አውቶቡሱ መጣ። እሱ ገባ፤ እኔ እጄን ዘርግቼ መመረቄን ቀጠልኩ። ሹፌሩ የምሳፈር መስሎት በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ማታ ልጄ ደወለ።

«ኢማ፣ ዳይ፣ በቃሽ። ሁለተኛ እስከ ትሐናው እንዳትመጪ።»

ቅር ብሎኝ ሰነበትኩ። ሴቷ ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተና ስታጠና ብሶቴን ሰምታ ሳቀች። «ባይ» የእንግሊዞች ቃል ነው፤ ድሮ ግን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» የሚል ሙሉ ምርቃት ነበር አለችኝ። ሰው ሲቸኩል አጣበቀው፤ ቆይቶ እንደ «መልካም ቀን» እንዲሆን በእግዜር ስም ቦታ «መልካም» ገባና «ጉድባይ» ተባለ፤ በመጨረሻ መልካሙም ወደቀና ጅራቱ ብቻ ቀረ። የሰው ጥድፊያ እግዜርንም ከቤቱ ያስወጣል ብዬ ተከዝኩ። እሷ ግን ያ የቀረው ጅራት ራሱ «ከእናንተ ጋር ይሁን» ማለት ነው አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጄ ቦርሳውን አንግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ።

«ባይ፣ ኢማ።»

«አሜን» አልኩት።

ግራ ገብቶት ዞር ብሎ አየኝ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ብዬ ገፋ አደረግሁት። ወንዙ ዳር ለአባቴ ካልኩት ወዲህ እንዲህ ከሆዴ አሜን ብዬ አላውቅም። ከደረጃው አልወረድኩም። ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ ግን ቆምኩ።