ለወፏ የነገርኳት

ይህን ነገር ለሚስቴ ለብርቄ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልተነፈስኩም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ "ሌላስ የቀረ አለ ወይ ታደሰ?" ይሉኝ ነበር። እኔም ዓይኔን ሳላሽ "የለም አባቴ" እል ነበር። አሁን እሳቸውም ሄዱ፣ እኔም አረጀሁ። ለእናንተ ለማላውቃችሁ ልናገረው ነው። ብቻ አደራችሁን እንዳታዝኑልኝ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ የብስክሌት ክለብ ነበረን። ሳቁ! በዚያ ብርድ ላይ ብስክሌት! ግን ነበረን። ልብስ ሰፊው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው ተሰብስበን ከከተማው ዳር ያለውን ረግረግ አደረቅነው። ድንጋይ በጀርባችን ተሸክመን፣ ጠጠር አልብሰን፣ በእግራችን ደልድለን ክብ መሮጫ አወጣንለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሽቅድምድም ነው። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ዳሩን ቆሞ ይጮኻል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎብጬ እውልና እሑድ እሑድ ሰው እሆን ነበር።

ክለቡ ማለት ሰይድ ነበር። ሰይድ ከታች ከቆላው፣ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ አባቱ ነጋዴ ነበሩ። ገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ከየትም የተጣለ ብረት ለቃቅሞ፣ አንዱን ካንዱ ገጣጥሞ ግማሾቻችንን ባለብስክሌት ያደረገን እሱ ነው። እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። መቀመጫውን ከኋላ ይዞ "ይዤሃለሁ፣ ንዳ!" ይለኛል፤ ዞር ስል ሩቅ ቆሞ ይስቃል። እኔ የሸጥኩት ይህን ሰው ነው። ሜዳውንም ሸጫለሁ፤ ሜዳው እንኳ ይቅር፣ አፈር ነው።

ጊዜውን ታውቁታላችሁ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ጠዋት ማታ እንደ ጸሎት የምንደግምበት ጊዜ ነው። ሁለት ሰው ጠላ ቤት ውስጥ ከተንሾካሾከ ሦስተኛው ጠላውን ሳይጨርስ ይወጣል። አንድ ሰው አዲስ ጫማ ካደረገ "ማንን በልቶ ነው?" እንላለን። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ጠርጣራ ነበርኩ። ጥርጣሬዬን ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ሞኝ!

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ተጠራሁ። የቦታ ጉዳይ የያዘው ሰው በሩን ዘግቶ፣ "ጓድ ታደሰ፣ ሜዳችሁ ለቤት ሠሪዎች ማኅበር ይፈለጋል። ሥራ የፈታ ቦታ መሆኑን ከክለቡ አባላት አንድ ሰው መፈረም አለበት" አለኝ። ቀጠለናም፣ "አንተ ባትፈርም ከናንተው ሌላ ሰው ሊፈርም ዝግጁ ነው። ለሚፈርመው ቦታ ይሰጠዋል። ስሙም አይወጣም።"

ማነው ብዬ ብጠይቀው "እሱን ተወው" አለኝ።

እኔ ግን ያወቅኩ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ሰይድን ከማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ "ምን ልትሠራ ሄደህ ነው?" አልኩት። ፈገግ ብሎ "ሲደርስ ትሰማለህ" አለኝ። አቤት ያቺ ፈገግታ! ሌሊቱን ሙሉ ስታላምጠኝ አደረች። ቀድሞኝ ሊበላ ነው አልኩ። ብርቄ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች፤ የምንኖረው ግድግዳው በሚያለቅስ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ አልኩና በማግስቱ ሄጄ ፈረምኩ። "ክለቡ ከተበተነ ቆይቷል፤ ሜዳው ከብት ይግጥበታል" ይላል ወረቀቱ። የፈረምኩት ሐሙስ ነው። እሑድ በዚያው ሜዳ ላይ ተሽቀዳድሜ ሁለተኛ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ቀያሾች መጡና ሜዳችን ላይ ችካል ተከሉ። ልናስቆማቸው ብንሄድ አንዱ፣ "ምን ትጮሁብናላችሁ? የፈረመባችሁ የራሳችሁ ሰው ነው" አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ማንን ያምናል? ሰላምታችን እንኳ ተበላሸ።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩን። በንጉሡ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ በክለቡ ደግሞ ዳኛም ሰዓት ያዥም እሳቸው ናቸው። "እርስ በርስ ከምንበላላ በአባቶቻችን ወግ አውጫጭኝ እንቀመጥ" አሉ። ያለፈቃድ ስብሰባ ያሳስራል። ስለዚህ ልምምድ እንዲመስል ብስክሌታችንን ይዘን ሜዳው ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አውጫጭኝ እንዲህ ነው፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ከቦታው አይነሣም። መጀመሪያ ሁሉም "አይቼ ብደብቅ፣ ሰምቼ ብሸሽግ ዘሬ አይባረክ" ብሎ ይምላል። ከዚያ ተራ በተራ እየተነሣ ያየውን ለዳኛው በጆሮ ይነግራል። ዳኛው የተነገራቸውን ለጉባኤው ሲያወጡ "እገሌ አለ" አይሉም፤ "ወፏ አለች" ነው የሚሉት። ወፏ ማን እንደሆነች አትጠየቅም። ዳኛውም እስከ መቃብር ይዘዋት ይሄዳሉ።

እኔም ማልኩ። በዘሬ ማልኩ፣ ብርቄ ቤት ውስጥ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ!

ጋሽ ደምሴ ሜዳው ዳር ካለ የድንጋይ ክምር ጀርባ ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ ብዙው ሰው ያለው እሱን ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ከፊቴ የነገሩት ሁሉ የኔን ስም የነገሩ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ "ሰይድን ከማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ምን ልትሠራ ነው ብዬ ብጠይቀው ሊነግረኝ አልፈቀደም" አልኳቸው። አያችሁ? አንዲት ሐሰት የለበትም። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ነኝ ውሸቱ።

ጋሽ ደምሴ ፊታቸው ጠቆረ። "እርግጠኛ ነህ ልጄ?"

"በማርያም" አልኩ።

ተነሥተው "ወፏ ሰይድን ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ አይታዋለች" አሉ። ሰይድ ብድግ አለ። "አዎ ሄጃለሁ። ሜዳው በክለባችን ስም እንዲመዘገብ ማመልከቻ አስገብቼ ነው። ሲፈቀድልን ድንገት ላስደስታችሁ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ፤ ወላሂ!"

"ማመልከቻውስ የታለ?" አለ ጌታቸው። ጌታቸው አስተማሪ ነው፤ በእሽቅድምድም ከሰይድ ጋር ሁሌ የሚተናነቅ፣ ከሜዳ ሲወጡ ግን ካንድ ሰሃን የሚበላ ጓደኛው።

"እዚያው አስቀሩት።"

"እንዴታ! ቆለኛ ለኛ ሜዳ ምን ገዶት!" ብሎ ጌታቸው ጮኸበት። ሌሎቹም ተከተሉት። ሰይድ አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ።

በወጋችን አውጫጭኝ ያወጣው ሰው ይገለላል። እሳት አይጫርለትም፣ ሰላምታ አይሰጠውም። ብስክሌት ሊያስጠግን የሚሄድ ጠፋ። ወር ሳይሞላ ሰይድ ክፍሏን ቆልፎ ወደ አገሩ ወረደ። ስሙ ግን እኛ ጋ ቀረ፤ ከዳተኛ ሲባል "ሰይድ" ይባል ነበር።

ያን ጊዜ እንኳ ሰይድ እውነቱን መናገሩን ገና አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት ቦታዬን ልረከብ የሄድኩ ቀን ነው። ጸሐፊው ፋይሉን ሲገልጥ ከፊርማዬ ሥር ሌላ ወረቀት አየሁ። የሰይድ እጅ ጽሑፍ ነው። "ሜዳው ለወጣቱ ይጠበቅልን" ይላል። ከግርጌው የሁላችንም ስም ተዘርዝሯል፤ የኔ ስም ከጋሽ ደምሴ ቀጥሎ ሁለተኛ። ሮጬ ወጥቼ እሪ ማለት አልነበረብኝም? ሰይድ ከወረደ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ጋሽ ደምሴም በሕይወት አሉ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? "የት ጋ ነው የምፈርመው?" አልኩት።

ቤቱን ሠራሁ። በዕጣ ወጣልኝ ብል ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለህ ብለው አብረውኝ ጠጡ። ማንስ ይጠርጥረኝ? ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ጋሽ ደምሴም ወፏን ይዘዋት ከሄዱ በኋላ፣ አልቻልኩም። ልነግረው ቆርጬ በአንኮበር በኩል አሊዩ አምባ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነው። ሰይድ ጢሙ ሸብቶ በርበሬ ይሸጣል። ሲያየኝ ሚዛኑን ጥሎ ተጠመጠመብኝ። ቤቱ ወሰደኝ፤ የምበላው ሥጋ በክርስቲያን የታረደ እንዲሆን ወደ ክርስቲያን ጎረቤቱ ሰው ልኮ አሳረደልኝ። እየበላሁ "አሁን ልንገረው፣ አሁን" እላለሁ። እሱ ቀደመኝ።

"ታዴ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ክፉ ቃል ያልተናገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። ሲሰድቡኝ ለኔ አፍረህ አንገትህን ደፍተህ ነበር። አይቼሃለሁ" አለኝ። "ወፏ ጌታቸው መሆኑንም ዐውቄያለሁ። ሊሞት ሲል ሰይድን አምጡልኝ፣ ይቅር ይበለኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ላከብኝ። አልሄድኩም። እንዴት እሄዳለሁ?"

ጌታቸው ይቅርታ የፈለገው ለጩኸቱ ነበር። ሳያገኛት ሞተ። እኔ ይህን እያወቅኩ ጉሮሮዬ ላይ የነበረውን እህል ዋጥኩ፤ ቃሉንም አብሬ ዋጥኩ። ሰይድ እጁን አንሥቶ "ያ አላህ፣ ይህን ወንድሜን እንዳላሳፈረኝ አታሳፍረው፣ ቤቱን ሙላለት" ብሎ ሲመርቀኝ ሁለት መዳፌን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የተበደላችሁ እናንተ አይደላችሁም። የተበደለው ሰው ቆላ ነው፣ በሕይወት አለ። ከዚያ የሚመጣ ነጋዴ ባለፈው እንደነገረኝ፣ ዛሬም በየሰላቱ ስሜን እየጠራ ዱዓ ያደርግልኛል።