ከበባው ላይ ደርሰናል

ከአገሬ ከጠዳ በወጣሁበት ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ማኪናው መጥቶ ልሳፈር ስል «ጋቢህን እንዳትጥል፣ እዚያ ይበርዳል» አለኝ። ጋቢው ሱዳን ቀረ። ብርዱ ግን እውነት ነው። እኛ አገር የዳባት ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ይለቅሃል፤ የጀርመን ብርድ እስከ እራት አብሮህ ይቀመጣል። ዳቧቸውም ጎምዛዛ ነው፤ እንጀራ ሊሆን አስቦ የቀረ ይመስላል። ገነት ነው ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ እዚሁ፣ ሃይም በሚሉት የስደተኛ ማደሪያ ነው። ያስተማረን ዲያቆን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱስን ከእስራኤል ታሪክ ጋር እያስተያየ ያስነብበናል፤ በተጠረዘበት ተራ ሳይሆን ነገሩ በሆነበት ተራ። እንቅልፌን የነሳኝ ይሄ ነው። ዱሮ ስሰማው ነገሥት ሌላ፣ ኤርምያስ ሌላ ነበር። አሁን ነቢዩ ሲጮህ፣ ንጉሡ ሴዴቅያስ ሲያመነታ፣ የባቢሎን ጦር ሲቀርብ፣ ሁሉን አንድ ላይ አየዋለሁ። ጠዳም ተኩስ አለ ይሉኛል፤ ስልኩ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይጠፋል።

ዝም ብዬ ማንበብ አልችልም፤ ጮክ ብዬ ነው። ከሃይም ወጥቼ ክፍል ከተከራየሁ ወዲህ፣ አንድ ቀን አከራዬ በሩን ደበደበችው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከሴዴቅያስ ጋር።»

«እሱም እዚህ ነው የሚያድረው? እኔ ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው!»

«ከሞተ ቆይቷል» አልኋት።

ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች።

ማክሰኞ ስልኩ ሠራ።

«አያ፣ ልጆችህን ይዘህ ከዚያ አገር ውጣ።»

«ምነው? ምን ሰማህ?»

«ኤርምያስን እያነበብን ነው። ከበባው ላይ ደርሰናል። ከተማው ውስጥ የቀረ ያልቃል፣ የወጣ ይተርፋል ብሏቸው ነበር። አልሰሙትም።»

«አንተ ደግሞ ሰባኪ ሆነህ አረፍኸው!» ሳቀብኝ። «እሱስ ወጣ?»

ብዋሸው አይደርስብኝም፤ እሱ ፊደል አልቆጠረም።

«ንገረኝ እንጂ፣ ኤርምያስ ወጣ ወይ?»

«አልወጣም። እርሻ ገዛ።»

«መቼ?»

«ከተማው ተከቦ ሳለ።»

«ሸጋ ሰው ነው» አለ። «በል፣ እኔም ጤፉን ሳላርመው እንዳይመሽብኝ።»

«አያ! አያ ታከለ!»

ዘግቶብኝ ይሁን ኔትወርኩ ሄዶ፣ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ብደውል፣ ብደውል አይጠራም። ቅዳሜ የምናነበው የከተማው ቅጥር የሚፈርስበትን ነው።