ሳጥኑ የሱ፣ ቁልፉ የሷ

«ቁልፉን አምጪ አልኩሽ እኮ።»

«ለየትኛው በሬ? ገና ያልገዛነውን በሬ ነው ችሎት ላይ አሳርደው የመጡት?»

አባቴ ከወገዳ ችሎት በእግሩ ገስግሶ ደርሶ፣ ኩታውን እንኳ ሳያወልቅ እናቴ ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሟል፤ ወሬው ግን ቀድሞት ደርሷል።

ያ ቁልፍ ዛሬ እኔ እጅ ላይ ነው፤ አባቴ ሲሞት ገናዦቹ ከአንገቱ ፈትተው ሰጡኝ። ባሸተትኩት ቁጥር ከዝገቱ ሥር የእናቴ ቅቤ ይሸተኛል፣ ወይም ይሸተኛል ብዬ ራሴን አታልላለሁ። ግጥም ልጽፍለት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ቤት አልመታ ብሎኛል።

በተጋቡ ሰሞን የነፍስ አባታቸው እንደመከሯቸው፣ ሳጥኑ ከአባቴ መደብ ራስጌ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ከእናቴ አንገት አይወርድም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። እሷ ከዓርብ ገበያ ቅቤዋን፣ እሱ ገብሱን ሸጠው ሲመለሱ ጎን ለጎን ይንበረከካሉ፣ እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ክዳኑን ይይዛል፤ እኔና እህቴ ደግሞ ጠገራ ብሩ ሲንኳኳ እየሰማን ወደፊት ስለሚገዛው በሬ ቀለም እንጣላለን፣ እሷ ቡሬ፣ እኔ ዳልቻ። ያለን አንድ በሬ ብቻ ስለነበር ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን የምናርሰው ጎረቤቱ ማሳውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ግን ተራችንን አይጠብቅም።

አባቴ ከአጎቱ ልጅ ጋር የሚሟገትበት የተገፋ ድንበር ሁለት ፈር አይሞላም ነበር። ነገር ሲከርበት፣ የአገሩ ሙግት ወግ ነውና፣ «ከዋሸሁ በበሬ ልረታ» ብሎ ተወራረደ። ምስክሮቹ ከዱት።

«ሰው ፊት የወጣ ቃል ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካልከፈልኩ ዋሴን አይለቁትም።»

«ማንን ዋስ ጠሩ?»

«ወንድምሽን።»

እናቴ ሳቀች፤ ባትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ጎበዝ ተሟጋች ነዎት። በገዛ ቅቤዬ የገዛ ወንድሜን አስገዙኝ።»

ከማተቧ ጎን ያለውን የቁልፉን ክር በጥርሷ በጠሰችና እንደ ወትሮው ተንበርክካ ከፈተች። እሱም፣ ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል፣ አጠገቧ ተንበርክኮ ክዳኑን ያዘላት።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጠገራ አልገባችም፤ አባቴ ግን ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ ባዶውን ሳይቆልፍ አድሮ አያውቅም። መሬታችንን የእኩል አራሽ ያርሰው ጀመር፣ በሬው አርጅቶ ሞተ፣ እኔም ስለ ቀለም የምጣላው ሰው አጣሁ፤ እናቴ ሳጥኑን የከፈተች ለት እስቴ ወዳለው አባቷ ቤት ስትሄድ እህቴን ይዛ ነበርና። እኔን ግንባሬን ሳመችኝ።

«እርጎው ክዳን የለውም፣ ድመቷ እንዳትደፋባችሁ» አለችው ለአባቴ።

ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ጎንበስ ብላ ወጣች፤ ዶሮ እንዳይገባ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ በሩን ከውጭ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።