ስልኮቹ በመሳቢያ ውስጥ ሳሉ

በሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራዋን ልጅ የካቶሊክ ቁምስናዋ ወጣቶች «ሬዲዮ» ይሏታል። ደንበኛዋ ተሠርታ እስክትነሣ ወሬዋ አይቋረጥም። ወጣቶቹ ቅዱሳን ቦታዎችን ለመሳለም ወደ ውጭ አገር ለንግደት ሊሄዱ ሲነሡ አባቷ አልጋ ይዞ ነበር። ልቅር ብትለው፣ «እዚህ ብትቀመጪ ሐኪም አትሆኚኝ፤ ሄደሽ ጸልይልኝ» አላት።

ከንግደቱ በኋላ ሁሉም ለአጭር ሱባኤ ወደ አንድ የደናግል ገዳም ገቡ። ሕጉ ዝምታ ስለነበር ጉዞውን የሚመሩት ቄስ፣ አባ፣ የሁሉንም ስልክ፣ የራሳቸውንም ጭምር፣ አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። «የሬዲዮ ባትሪ አለቀ» ብለው ጓደኞቿ ሳቁባት። እሷም ስቃ ጸሎት ቤት ገባች፤ ጉልበቷ እስኪዝል ለአባቷ ምሕረት ለመነች።

ሱባኤው ሲያልቅ አባ ስልካቸውን ከፍተው መልእክት አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ። አትክልቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት።

«ልጄ፣ አባትሽ ዐርፈዋል።»

«መቼ ነው የሚቀበረው?»

«ትናንት ተቀብረዋል። ወንድምሽ ቢደውል ቢደውል ስልካችን ዝግ ሆነበት።»

«ትናንት እኮ እንዲድንልኝ እየለመንኩ ነበር» አለች።

አባ ስልኳን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

ስልኳን ስትከፍት፣ ዝግ ሳለ የተደወሉት ጥሪዎች ተራ በተራ መግባት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ከአባቷ ቁጥር ነበሩ። ወንድሟ ጋ ደወለች።

«በሱ ስልክ የደወልከው አንተ ነህ?»

«አይ፣ ራሱ ነው። ድምፅሽን ልስማ እያለ ነበር።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀረች። ሻንጣዋን ጓደኞቿ ሸከፉላት።