«አይጋባም» ያልኩበት ጠዋት

መሪ ሠፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ፖሊሶች ሲወስዱኝ «ቅባቴን ልያዝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ሰርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለኝ አንዱ። የካ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ። ሃያ የምንሆን ሰዎች በአንድ ክፍል ታጭቀናል፤ የእንጦጦ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል።

በሳምንቱ ክርኔ፣ ጉልበቴ፣ አናቴ ሳይቀር ቀልቶ መርገፍ ጀመረ። መቀመጥ አልቻልኩም። አካለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሦስት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ። ከየቤቱ የሚመጣልን ስንቅ በአንድ ትሪ ተደባልቆ ነበር የሚበላው። ካቦው፣ የክፍላችን ኃላፊ የሆኑት ሽማግሌ ነጋዴ፣ የኔን ድርሻ በፌስታል ለዩት።

«እከክ ነው ልጄ፤ አትቀየመን።»

«ጋሼ፣ ሶሪያሲስ ነው የሚባለው። አይጋባም። ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቁ ነጭ የደም ሴሎች አሉ አይደል? የኔዎቹ ጠላት ሳይኖር ጤነኛውን ቆዳ ይመቱታል። እሱም ተደናግጦ በወር የሚያድገውን በቀናት ያድጋል፤ ከዚያ ይረግፋል።»

«ያለ ጥፋቱ?»

«ያለ ጥፋቱ።»

«በል እንግዲያው ቆዳህም እንደኛው ነው!» አለ አንዱ ከጥግ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ምግቤ ግን በማግስቱም በፌስታል መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁ።

አንድ ጠዋት መርማሪው በር ላይ ጠርቶ ክንዴን አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጠያቂ የሚከለክሉበት ሰበብ ሲፈልጉ ሰንብተዋል።

«ተላላፊ ነው ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሄዳለህ። ይሄ ክፍል ይዘጋል፤ ስንቅም ጠያቂም አይገባም።»

ከኋላዬ የክፍሉ ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ። ሆስፒታል! አልጋ፣ ሙቅ ውኃ፣ መድኃኒት። እነዚህም ይራቡ፣ የእጃቸውን ያግኙ! እውነቴን ነው፣ ይህንንም አስቤያለሁ። ክርኔን አከክኩ።

«አይጋባም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይጋባም አልኩህ!»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ስመለስ ካቦው ትሪው አጠገብ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን እያከክኩ እዚያው ቆየሁ።

ይህን የሰማ ሁሉ «አቤት ደግነትህ!» ይለኛል። የምን ደግነት! ተናድጄባቸው ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያስገባኝ ስለ እኔ የተጻፈ አንድ ውሸት ነው፤ ሁለተኛውን በገዛ እጄ አልፈርምም።